ትንሽ የድረ ገጽ ማዕቀፍን በገዛ እጅ እየሠሩ መማር
ለመርሳና ለአካባቢዋ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ንግድ የሚጀመረው ሚዛንን ከማወቅ ነው። የሚዛኑን አሠራር የማያውቅ ነጋዴ ሚዛኑ በተዛባበት ቀን ይከስራል፤ የከሰረውም በየት በኩል እንደ ሆነ ለማወቅ ይቸገራል። በአሁኑ ጊዜ የብዙ ነጋዴ መዝገብ፣ የዋጋ ሰሌዳና ተላላኪ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ ገብቷል። ይሁን እንጂ ከነጋዴዎች አብዛኞቹ ይህን መሣሪያ የሚይዙት ውስጡ እንደ ታሸገ ሣጥን አድርገው ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ሣጥኑን ከፍቶ ማሳየት ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ከባዶ ተነሥቶ ትንሽ የድረ ገጽ ማዕቀፍ በገዛ እጁ ቢሠራ ምን ምን እንደሚማርና ትምህርቱም ለንግድ ቤቱ ምን እንደሚጠቅመው ማስረዳት ነው።

መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አካባቢዋ በፍራፍሬ የታወቀ ነው። ፍራፍሬ ደግሞ ቀን የሚቈጠርበት ዕቃ ነው፤ ዛሬ የበሰለ ፓፓያ የሳምንቱን ገበያ አይጠብቅም። ስለዚህ ዋጋ በጊዜው መነገሩ፣ ትእዛዝም ሳይዛባ መድረሱ ለዚህ አካባቢ ነጋዴ የትርፍና የኪሳራ ጉዳይ ነው። ከዚህ በታች ለሚሰጠው ትምህርት አንድ የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ የዕለቱን ዋጋ ለደሴና ለወልድያ ደንበኞቹ በድረ ገጽ ለማሳወቅና ትእዛዝ ለመቀበል ያሰበ እንደ ሆነ ለምሳሌ ይወሰድ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጁም ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት ተምሯል እንበል።

1. ማዕቀፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ማዕቀፍ ማለት፣ ለማናቸውም ድረ ገጽ የሚያስፈልገውን የተደጋገመ ሥራ አስቀድሞ አጠናቅቆ የያዘ የፕሮግራም ስብስብ ማለት ነው። በንግድ ቤት ምሳሌ ቢነገር፣ ማዕቀፍ እንደ ጽሕፈት ቤቱ ደንብ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ማን እንደሚቀበል፣ ለየትኛው ሠራተኛ እንደሚመራ፣ መልሱ በምን ዓይነት ወረቀት እንደሚጻፍና በምን ቍጥር እንደሚወጣ ደንቡ ይወስናል። ነጋዴው የሚጨምረው የራሱን ጉዳይ ብቻ ነው፤ ዕቃውን፣ ዋጋውንና ደንበኛውን።

በዓለም የታወቁት ማዕቀፎች የተወለዱት ከዕለት ሥራ ነው። ጃንጎ የሚባለው ማዕቀፍ በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በሎውረንስ ከተማ፣ በአንድ ጋዜጣ ሥራ ቤት ውስጥ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ቀረበ። ሩቢ ኦን ሬይልስ በ2004፣ ፍላስክ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጡ። ከእነዚህ መካከል ጥቂቶቹ እጅግ ትልልቅ ናቸው፤ ነገር ግን ቦትል የሚባለው ማዕቀፍ በአንድ ፋይል ብቻ ተጽፎ ያለ ስለ ሆነ፣ የማዕቀፍ አጥንቱ ትንሽ መሆኑን ያስረዳል። ተማሪው ሊሠራ የሚገባው ይህን አጥንት ነው።

2. ጥያቄ እንዴት ይመጣል?

ደንበኛው በስልኩ ላይ የድረ ገጹን አድራሻ ሲነካ፣ ብራውዘር የተባለው ፕሮግራም ወደ ሰርቨሩ አንድ ጽሑፍ ይልካል። ይህ ጽሑፍ ከደብዳቤ እምብዛም አይለይም። በመጀመሪያው መሥመር ሦስት ነገር ይገኝበታል፤ እነርሱም የሚፈለገው ተግባር፣ የሚፈለገው መንገድና የስምምነቱ ዓይነት ናቸው። «ጌት» የሚለው ቃል «አሳየኝ» ማለት ሲሆን፣ «ፖስት» የሚለው ደግሞ «ይህን ተቀበለኝ» እንደ ማለት ነው። ከመጀመሪያው መሥመር ቀጥሎ የደብዳቤ ራስጌ የመሰሉ መሥመሮች ይመጣሉ። ከዚያም አንድ ባዶ መሥመር ይከተላል። ከባዶው መሥመር በታች ያለው ሁሉ የደብዳቤው አካል ነው።

ይህ ስምምነት ኤች ቲ ቲ ፒ ይባላል። ቲም በርነርስ ሊ የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሆነው በ1989 እ.ኤ.አ. የዌብን ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ፣ በ1991 የነበረው የመጀመሪያው ስምምነት የአንድ መሥመር ጥያቄ ብቻ ነበር። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው 1.1 የተባለው ዓይነት በራስጌው ውስጥ የድረ ገጹ ስም እንዲጻፍ አስገደደ። ምክንያቱም በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ድረ ገጾች ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ በአንድ ፎቅ ላይ ብዙ ሱቆች ሲኖሩ የሱቁ ስም በፖስታው ላይ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ይህም ስላስፈለገ ነው። በአገራችንም የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተጀመረው በዚያው ዘመን፣ በ1989 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ የተማሪው የመጀመሪያ ተግባር፣ በፓይተን ውስጥ ሶኬት በሚባለው መሣሪያ አንድ በር ከፍቶ መጠበቅ ነው። በሩ ቍጥር አለው፤ ለልምምድ 8000 መጠቀም የተለመደ ነው። ጥያቄ ሲመጣ ያነባል፤ እስከ ባዶው መሥመር ያለውን ይለያል፤ የመጀመሪያውንም መሥመር ከሦስት ይከፍላል። ይህ ሥራ ከሠላሳ መሥመር ኮድ አይበልጥም። ነገር ግን ይህን የሠራ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ድረ ገጽ ማለት ደብዳቤ ተቀብሎ ደብዳቤ መመለስ መሆኑን አይረሳም።

3. የመንገድ መዝገብ

ደብዳቤው ከተነበበ በኋላ ለማን ይመራ? ለዚህ ሁለት ዓምድ ያለው መዝገብ ያስፈልጋል። በግራ በኩል መንገዱ ይጻፋል፤ በቀኝ በኩል ሥራውን የሚፈጽመው የኮድ ክፍል። «/ዋጋ» የሚል ቢመጣ ወደ ዋጋ ክፍል፣ «/ትእዛዝ» የሚል ቢመጣ ወደ ትእዛዝ ክፍል ይመራል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ መሥመር ላለመጻፍ «/ዋጋ/» ብሎ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ስፍራ ለዕቃው ስም መተው ይቻላል። ብርቱካንም፣ ማንጎም፣ ፓፓያም በዚያው ይገባሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። መዝገቡ ከላይ ወደ ታች የሚነበብና መጀመሪያ የተስማማው መሥመር የሚሠራ ከሆነ፣ «/ዋጋ/ሁሉም» የሚለው መሥመር ከባዶ ስፍራው መሥመር በላይ መጻፍ አለበት። አለዚያ «ሁሉም» የሚለው ቃል እንደ አንድ የፍራፍሬ ስም ተቈጥሮ በመጋዘኑ ውስጥ ይፈለጋል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የድረ ገጽ አድራሻ የግእዝን ፊደል እንዳለ አይልክም። «መርሳ» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፤ ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ይሆናል፤ በአድራሻ ውስጥም እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ 27 ምልክት ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ማዕቀፉ ከመዝገቡ ጋር ከማስተያየቱ በፊት አድራሻውን ወደ ፊደሉ መመለስ አለበት። ከዚህም በቀር የወረዳውን ስም አንዱ «ሀብሩ»፣ ሌላው «ሐብሩ» ብሎ ይጽፈዋል። ለሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን የተለያዩ ናቸው። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ማምጣት፣ ደንበኛው የጻፈውን ስም ግን እንደ ጻፈው ማስቀመጥ ነው። ከውጭ የሚገዛ ማዕቀፍ ይህን ጉዳይ አያውቀውም፤ የአገሩን ፊደል የሚያውቅ ሰው ራሱ ሊጨምርበት ይገባል።

4. መልሱና ቍጥሩ

መልሱም እንደ ጥያቄው ሦስት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው መሥመር፣ ራስጌውና አካሉ። በመጀመሪያው መሥመር ላይ የሦስት አሐዝ ቍጥር ይጻፋል። 200 ማለት ጕዳዩ ተፈጽሟል፣ 404 ማለት የተፈለገው አልተገኘም፣ 500 ማለት ስሕተቱ ከሰርቨሩ ነው ማለት ነው። ቍጥሩን አለማክበር ጕዳት ያመጣል። ዕቃው አልቆ ወይም ኮዱ ተበላሽቶ ሳለ 200 ብሎ የሚመልስ ማዕቀፍ፣ ባዶ ጆንያ አስሮ «ሙሉ ነው» እንደሚል ጫኝ ይቈጠራል።

በራስጌው ላይ የአካሉ ርዝመት ይጻፋል፤ ርዝመቱም የሚቈጠረው በባይት እንጂ በፊደል አይደለም። በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለቱ እኩል ስለ ሆኑ ስሕተቱ አይታይም። በአማርኛ ግን የዋጋው ገጽ 600 የግእዝ ፊደል ሆኖ ርዝመቱ 600 ተብሎ ቢጻፍ፣ ብራውዘሩ 600 ባይት፣ ማለት 200 ፊደል ብቻ ተቀብሎ ያቆማል። ደንበኛው የብርቱካንን ዋጋ አይቶ የፓፓያን ሳያይ ይቀራል። ተማሪው ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ፣ ፊደል ሌላ ባይት ሌላ መሆኑን ለዘወትር ያውቃል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን እንደ ነበር በዘመኑ የጻፉ ሁሉ ያስታውሱታል።

5. አብነትና የማይታመን ጽሑፍ

ገጹን በየጊዜው እንደ አዲስ መጻፍ አድካሚ ስለ ሆነ አብነት ይዘጋጃል። አብነት ማለት እንደ ታተመ የደረሰኝ ጥራዝ ነው፤ ስምና ዋጋ የሚሞላበት ክፍት ስፍራ አለው። ማዕቀፉ ክፍቱን ስፍራ ይሞላና ገጹን ይልካል።

ነገር ግን ክፍቱ ስፍራ የሚሞላው ከውጭ ሰው በመጣ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። አንድ ተንኰለኛ በስም መጻፊያው ላይ ስሙን ትቶ የብራውዘር ትእዛዝ ቢጽፍና ማዕቀፉም እንዳለ ቢያወጣው፣ ትእዛዙ በሌሎች ደንበኞች ስልክ ላይ ይሠራል። እንዲሁም ያ ጽሑፍ ከዳታቤዝ ትእዛዝ ጋር ተቀጥሎ ቢሰጥ፣ መዝገቡን ሊያስነብብ ወይም ሊያስደልት ይችላል። ይህም ማለት አንድ ባለ ዕዳ በስሙ ስፍራ «ዕዳዬ ተሰርዟል» ብሎ ቢጽፍ፣ ጸሐፊው ስም መሆኑን ትቶ እንደ አለቃው ቃል ተቀብሎ ዕዳውን እንደ መሰረዝ ነው። ስለዚህ ሁለት ደንቦች ይጠበቁ፤ አንደኛ፣ ወደ ገጽ የሚወጣ የውጭ ጽሑፍ ሁሉ ልዩ ምልክቶቹ ኃይል እንዳይኖራቸው ተለውጠው ይውጡ፤ ሁለተኛ፣ ወደ ዳታቤዝ የሚገባ ሁሉ ከትእዛዙ ተለይቶ በተዘጋጀለት ስፍራ ይግባ።

6. ትእዛዝ ሲቀበሉ

ከዚህ በላይ ከተነገሩት ሁሉ ይልቅ የነጋዴውን ኪስ የሚነካው ይህ ክፍል ነው። የደሴው ደንበኛ 20 ኩንታል ብርቱካን ያዝዛል። መልሱ ይዘገይበታል። የተላከ ስለማይመስለው ገጹን እንደገና ይጫነዋል፤ ብራውዘሩም ያንኑ የ«ፖስት» ደብዳቤ ሁለተኛ ይልካል። በመዝገቡ ላይ 40 ኩንታል ይሰፍራል፤ መኪናውም 40 ጭኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በስልክ የሚሰማው ንግግር የታወቀ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ያዘዝሁት 20 ነው፤ የቀረውን 20 ከየት አመጡት?»

«የኔ ልጅ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ በስምህ ሰፍሮ አገኘሁት።»

«እንግዲህ መዝገቡ ይሽጠዋ!»

በዚህ ነገር ነጋዴውም ደንበኛውም አልዋሹም፤ ያጠፋው ማዕቀፉ ነው፤ የሚከስረው ግን ነጋዴው ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ትእዛዝ ከተቀበለ በኋላ ማዕቀፉ ገጹን በቀጥታ ከመመለስ ይልቅ 303 የሚለውን ቍጥር ሰጥቶ ደንበኛውን ወደ ሌላ የ«ጌት» ገጽ መምራት ነው፤ ያ ገጽ ስንት ጊዜ ቢታደስ ትእዛዝ አይጨምርም። ሁለተኛውና ዋናው፣ የማዘዣው ቅጽ ሲከፈት አንድ ልዩ ቍጥር አብሮ እንዲሰጥና ያ ቍጥር በዳታቤዙ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው። ያንኑ ቍጥር የያዘ ሁለተኛ ደብዳቤ ቢመጣ «ቀድሞ ተቀብለነዋል» የሚል መልስ ይሰጠዋል። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረው ከቴሌብር ጋር ሆነ ከሌላ የክፍያ አገልግሎት ጋር ድረ ገጹን ለማገናኘት የሚያስብም ሰው ይህን ደንብ ይያዝ፤ የክፍያ ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ሁለት ጊዜ እንደ ተከፈለ ሊቈጠር አይገባም።

7. ገንዘብና ቀን

ገንዘብ በዳታቤዝ ውስጥ ሙሉ ቍጥር ሆኖ በሳንቲም ይጻፍ። ኮምፒዩተር ክፍልፋይን የሚይዘው በሁለት እየተከፈለ በሚሄድ አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ አንድ አሥረኛ ብርን በትክክል ሊይዝ አይችልም። በፓይተን 0.1 እና 0.2 ቢደመሩ ውጤቱ ከ0.3 በጥቂቱ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል። በአንድ ሽያጭ አይታይም፤ በዓመት መዝጊያ ግን ሒሳቡ አልገጥም ይላል። 10 ሳንቲምና 20 ሳንቲም ግን ምንጊዜም 30 ሳንቲም ነው።

ቀንም እንዲሁ ነው። ሰርቨሮች በአብዛኛው የሚይዙት የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ከሌሊቱ በ7 ሰዓት የሚነሣ የጭነት መኪና ትእዛዙ በዚያ ሰዓት ቢመዘገብ፣ በሰርቨሩ መዝገብ የትላንት ቀን ይጻፍለታል። የዘመን አቈጣጠራችንም ከጎርጎርዮሳዊው በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይና ጳጉሜን ያለበት የ13 ወር ዓመት ስለ ሆነ፣ በውስጥ አንድ ዓይነት አቈጣጠር ይዞ በገጹ ላይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያው መለወጥ ይገባል።

8. መስመር ሲቋረጥ

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት ሰሜን ወሎን ባዳረሰ ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ቈይቷል። መዝገቡን ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ያስቀመጠ ነጋዴ እንዲህ ባለ ጊዜ የገዛ ዕዳ ሰብሳቢነቱን እንኳ ያጣል። በእጅ የተሠራ ትንሽ ማዕቀፍ ግን በሱቁ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ሊሠራ ይችላል፤ በሱቁ ዋይፋይ የተገናኙ ስልኮችም ገጹን ያዩታል። መስመር ሲመለስ ያልተላኩት ትእዛዞች በልዩ ቍጥራቸው ይላካሉ፤ ከላይ የተነገረው የአንድ ጊዜ ምዝገባ ደንብ ስላለም አይደጋገሙም። ቢሆንም ኮምፒዩተሩ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል መዝገቡ አብሮ እንዳይጠፋ፣ ቅጂው በየማታው ወደ ሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

9. የሚሠራውና የሚገዛው

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለትምህርት የተሠራ ማዕቀፍ ለሕዝብ ገበያ ይዋል ማለት አይደለም። በተለይ ምስጢር መጠበቂያውን፣ የይለፍ ቃል አያያዙንና የክፍያውን ክፍል ብዙ ሊቃውንት በመረመሩት መሣሪያ መሥራት ይሻላል። ሕጉም ኃላፊነት ይጥላል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 የደንበኛን ትእዛዝና የግል መረጃ የሚይዝ ነጋዴ ሊያነባቸው የሚገቡ ናቸው።

ታዲያ በእጅ መሥራቱ ምን ጠቀመ ቢባል፣ ገዢው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያስተምረዋል። ድረ ገጽ ሠሪ ዋጋውን ጠርቶ ሲቀርብ፣ ያልተማረው ነጋዴ ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ ይከራከራል። የተማረው ግን «አንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢላክ ምን ይሆናል? ሀብሩና ሐብሩ አንድ ሆነው ይፈለጋሉን? ሳንቲሙ እንዴት ይመዘገባል? መስመር ቢቋረጥስ? መዝገቤን ይዤ ልውጣ ብል በምን መልክ ትሰጠኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ለእነዚህ አምስት ጥያቄዎች ቀጥተኛ መልስ የሌለው ሻጭ፣ ሚዛኑን ለማስፈተሽ እንደማይፈቅድ ነጋዴ ይቈጠር።

መልመጃ

ሀ) በ8000 በር ላይ ጥያቄ ተቀብሎ የመጀመሪያውን መሥመር ከሦስት የሚከፍል ፕሮግራም ይጻፍ።
ለ) ሦስት መንገዶች ያሉት መዝገብ ይዘጋጅ፤ ላልተመዘገበ መንገድ 404 ይመለስ።
ሐ) «መርሳ» የሚለው ቃል ብቻ ያለበት ገጽ ይላክ፤ በመጀመሪያ ርዝመቱ 3፣ ቀጥሎ 9 ተብሎ ይጻፍና ልዩነቱ ይታይ።
መ) አንድ የማዘዣ ቅጽ ሁለት ጊዜ ተልኮ በዳታቤዙ አንድ ትእዛዝ ብቻ መኖሩ ይረጋገጥ።
ሠ) የኢንተርኔት መስመሩ ተነቅሎ፣ ሥራው በሱቁ ውስጥ መቀጠሉ ይፈተን።

በሱቅ ውስጥ ያለ ወጣት እነዚህን አምስት መልመጃዎች ምሽት ምሽት እየሠራ በጥቂት ሳምንታት ሊፈጽማቸው ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒዩተርና ያለ ክፍያ የሚገኘው ፓይተን ነው። ወላጅ ነጋዴም ልጁ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ባየው ጊዜ በጨዋታ ጊዜውን አሳለፈ ብሎ ከመቈጣት አስቀድሞ፣ መልመጃ «መ»ን ሠርቶ እንዲያሳየው ይጠይቀው።